በኮሮና ጊዜ ማኅበራችን ምን ሠራ? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ውስጥ መምህር ነኝ። ኮሮና ሲገባ የትምህርት ቤታችን መሠረታዊ መምህራን ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ የማውቀውን እዚህ እመልሳለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የመንግሥት ሠራተኛ)፦ መምህር፣ ለመሆኑ እኛ ማኅበር ማቋቋም እንችላለን? አለቃችን «ሕጉ አይፈቅድላችሁም» ይለናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቃህ ግማሹን ነው የነገረህ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ችግሩ ያን መብት ሥራ ላይ የሚያውል ዝርዝር ሕግ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እዚያው ከተማህ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ አሥር ሆኖ ማኅበር ያቋቁማል፣ ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚዋዋሉበትን የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል። አንተ ይህ በር አልተከፈተልህም። አገራችን የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 87 ካጸደቀች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመን አለፈ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ መምህራን የተሻልነው ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ማኅበር ስላለን ነው። የኅብረት ስምምነት አንፈራረምም፤ ነገር ግን በማኅተም ደብዳቤ እንጽፋለን። በወረርሽኙ ጊዜ የሠራነው ሁሉ በዚያ ደብዳቤ ነው።

ጥያቄ (ሐይቅ፣ መምህርት)፦ መሰብሰብ ተከልክሎ ሳለ እንዴት ሠራችሁ?

መልስ፦ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ኮሚቴያችን በአንድ ላይ መቀመጥ አልቻለም። የአባላቱን ስም ዝርዝር ተከፋፍለን ስልክ መደወል ጀመርን። «ደኅና ናችሁ? ቤት ውስጥ የታመመ አለ? ደመወዝ ገባ?» ሦስት ጥያቄ ብቻ።

የቋሚ መምህራን ደመወዝ አልተቋረጠም ነበር። የሚያሳስበውን ነገር የሰማነው ከአባሎቻችን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ በየቀኑ ይገቡ ነበር። ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፤ ሳሙና የለም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በባዶ እጇ ሽንት ቤት ታጥብ እንደነበር ስንሰማ እኔ አፈርኩ።

በስልክ ተከራከርን። «እነሱ አባላችን አይደሉም፣ በእነሱ ስም መጻፍ አንችልም» ያለ ነበር፣ ደንቡን ካየን ልክ ነበር። አንድ አንጋፋ መምህራችን ግን «ወሎ ላይ የተቸገረ ጎረቤት ክርስቲያን ነህ እስላም ተብሎ አይጠየቅም፤ እኛ የአባልነት ደብተር አሳዩን ልንል ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም። ሳሙናና ጓንት የሚጠይቀውን ደብዳቤ የጻፍነው በትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ስም ነው።

ጥያቄ (ወልድያ፣ ነርስ)፦ ጋሼ፣ ለይቶ ማቆያ ተመድቤ ስሠራ ታመምኩ። በሥራ የመጣ ሕመም ነው ብዬ ለመጠየቅ ምን ያስፈልገኝ ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ አላህም እግዜርም ውለታሽን አይርሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 አንቀጽ 98 እንደተቀመጠው በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ በሽታ በሥራ ምክንያት እንደመጣ አይቆጠርም፤ ሥራቸው ያንኑ በሽታ መዋጋት የሆነ ሠራተኞች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሽ የምትዳኚው በራስሽ ሕግ ነው፤ ክርክሩ ግን በዚሁ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ «ወደ በሽታው የላከኝ ሥራዬ ነው።»

ለዚህ የምደባ ደብዳቤ፣ ስምሽ ያለበት የተረኛ ዝርዝር፣ የምርመራ ውጤትና መታመምሽን ያሳወቅሽበት ቀን ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የተሸነፈው በመጀመሪያው፣ በምደባ ደብዳቤው ነው። የኮቪድ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ይሁን በሌላ ቦታ፣ ሐኪምና ነርስ በደብዳቤ ሲመደብ ጽዳትና ሹፌር ብዙ ጊዜ በቃል ነው የሚታዘዘው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ጽሕፈት ቤት ሲዘረፍ ፋይልም አብሮ ጠፋ። ኮፒውን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው ነገር የቀረው።

ጥያቄ (ከሚሴ)፦ ለኮሮና መዋጮ ሳልጠየቅ ከደመወዜ ተቆረጠ። ትክክል ነበር?

መልስ፦ ያኔ በነበረው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደመወዝ የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲደነግግ ነበር፤ በወር ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም ነበር። እኛ ዘንድም አንድ መሥሪያ ቤት «ሠራተኛው ተስማምቷል» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ሰው በሰው ፊርማ ይምጣ አልን። መዋጮውን የጠላን መስሏቸው ተቆጡ። ፊርማው ሲዞር አብዛኛው በገዛ እጁ ፈረመ። ያልፈረሙትም ነበሩ፤ አንደኛው አምስት ሰው በአንድ ደመወዝ የሚያስተዳድር ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም።

ጥያቄ (ደሴ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር)፦ እኔን ያኔ አሰናበቱኝ። አሁን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያኔ በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ሠራተኛ ማሰናበት ተከልክሎ ነበር። ነገር ግን ወደ ሥራ መመለስ የሚጠየቀው በሦስት ወር ውስጥ፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ነው። አልፎብሃል። ብነግርህ ይከፋሃል፣ ባልነግርህ ግን ለጠበቃ ገንዘብ ታወጣለህ።

ጥያቄ (መርሳ)፦ የታመመ አባል ስትጠይቁስ?

መልስ፦ በር ላይ አስቀምጠን እንመለስ ነበር። ዳቦ፣ ሎሚ፣ የስልክ ካርድ። ለቅሶ መድረስ አለመቻል ከሁሉ ከበደን።

ጥያቄ (ሐይቅ፣ ያቺው መምህርት)፦ የጽዳት ሠራተኞቹ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ለሁለተኛው «እየታየ ነው» አሉን። በሦስተኛው ሳሙናና ሁለት ትልልቅ በርሜል መጡ። ጓንት ግን እስከ ሰኔ ድረስ አልመጣም፤ እሱን መምህራኑ አዋጥተን ገዛን። ትምህርት ቤት በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ከመግቢያው በር አጠገብ ተማሪዎቹን ያስታጠቡት በነዚያው በርሜሎች ነው፤ የምታስታጥባቸውም ያችው በባዶ እጇ ትሠራ የነበረችው ሴት ነበረች።