መልስ፦ እጄ በ2 ወር ሲድን የእናቴ ጉልበት ለምን አይድንም?
አቦ ጥያቄህ ተመችቶኛል። ከባጃጅ ወድቀህ የተሰበረው እጅህ ሲገጥም የእማማ የተበላው የጉልበት ካርቲሌጅ (ልም አጥንት የሚባለው) ለምን እንደዛው ቀረ ነው ያልከው አይደል? ነገሩ ደም ነው። አጥንት ደረቅ እንጨት ቢመስልም ውስጡ ደም ስር ሞልቶታል፣ የሚገነቡ ሴሎች አሉ የሚያፈርሱም አሉ፣ ሁሌ ግንባታ ላይ ነው ልክ እንደ ድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር። ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋል ከዛ ክፍተቱ በለስላሳ ነገር ይሞላል፣ የሚገርመው ይሄ ለስላሳ ነገር ባብዛኛው ራሱ ካርቲሌጅ ነው፣ ቀስ እያለ ካልሲየም እየገባበት አጥንት ይሆናል።

የጉልበቱ ካርቲሌጅ ግን ደም ስርም ነርቭም የለውም፣ የሚመገበው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፣ ስትራመድ እንደ ስፖንጅ ይጨመቅና ስትለቀው ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ሴሎቹም ጥቂት ስለሆኑ የተበላውን መተካት አይችሉም። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲሳሳ ቶሎ አይታወቅህም፣ የሚያመው ከስሩ ያለው አጥንትና ዙሪያው ሲነካ ነው።

በአይንህ ማየት ከፈለክ ቀፊራ ገበያ ሄደህ የፍየል እግር ከነጉልበቱ ግዛ። ጫፉ ላይ ነጭ፣ ትንሽ ሰማያዊ የሚል፣ የሚያንሸራትት ሽፋን አለ፣ በቢላ ስትቆርጠው እንደ ላስቲክ ነው ጠብታ ደም የለውም፣ ከስሩ ያለው አጥንት ግን ቀዳዳ ቀዳዳና ቀይ ነው።

የቅልጥም ሾርባ ካርቲሌጅ ይመልሳል የሚሉህን ተዋቸው፣ ውስጡ ያለው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፣ ለጣዕሙ ከሆነ ግን ጠጣ። እማማ ቀለል ያለ ወክ ያድርጉ፣ ጉልበታቸው ካበጠ ግን የአጥንት ሐኪም ይያቸው።