ማሳው በውርጭ ተመትቶ «ተመስገን» ማለት ግብዝነት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ዘንድሮ ባቄላችንንና ገብሳችንን ውርጭ መታው። ሰው «እንዴት ሰነበትህ?» ሲለኝ እንደ ልማዴ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ልቤ ግን አዝኗል። ይህ ግብዝነት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንብህም። ምስጋና ኀዘን ላልነካቸው ሰዎች ብቻ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ከዳዊት መዝሙራት ብዙዎቹን መድገም ባልቻልን ነበር። በግእዙ ዳዊት 12ኛው መዝሙር «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ»፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ ብሎ በእሮሮ ይጀምርና መከራው እንዴት እንዳለፈ ሳይነግረን «እሴብሖ ለእግዚአብሔር ዘረድአኒ»፣ የረዳኝን እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ፣ ብሎ ወደ ምስጋና ይደርሳል። ጳውሎስና ሲላስም በፊልጵስዩስ ወኅኒ በመንፈቀ ሌሊት የዘመሩት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ ነው እንጂ ከተፈቱ በኋላ አይደለም (ሐዋ. 16፥24-25)። በቅዳሴ የምንሰማው የምስጋና ጸሎትም ምክንያቱን ሲዘረዝር ጠብቆናልና፣ ረድቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል፤ አዝመራው ስላማረ ብቻ የሚቀርብ ምስጋና አይደለም።

ስለዚህ «ተመስገን» ካልህ በኋላ «ማሳው ግን ተመታብን» ብለህ ለጠያቂህ ብትነግረው ምስጋናህ አይፈርስም። ያዘነን ሰው «ተመስገን በል» እያሉ ከልቅሶው ማስቆም፣ በየልቅሶ ቤቱ የማየው ቢሆንም፣ የምወደው ልማድ አይደለም፤ ጌታችን ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሷል፣ በመቃብሩም አጠገብ ቆሞ አባቱን አመስግኗል (ዮሐ. 11፥35፣ 41)።

ይልቅስ የሚያስፈራው የጎረቤት ማሳ ተመትቶ የራስ ሲተርፍ የሚባለው «ተመስገን» ነው። ፈሪሳዊውም «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነበር፤ ያመሰገነው ግን እንደ ሌላው ሰው ባለመሆኑ ነው (ሉቃ. 18፥11)። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት የምስጋናን መሥዋዕት እናቅርብ ካለ በኋላ ወዲያው መልካም ማድረግንና ማካፈልን አትርሱ ይላልና (13፥15-16)፣ ማሳው የተረፈለት ሰው ምስጋናውን የሚፈጽመው ለተመታበት ጎረቤቱ የዘር ገብስ ሲሰጥ ነው።

ለዕለት ተዕለቱ፣ ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ ተከፍሏልና ማለዳ የዕለቱን ድገም፤ ማንበብ የማይችል የቤተሰብህ አባል «አባታችን ሆይ» ይበል። ከማዕድ በፊትም በኋላም ማመስገን አይቅር። ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት መጠበቅ ለገበሬ በአጨዳና በውቂያ ወቅት ይከብዳልና፣ የትኞቹን እንደምትይዝ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር።