ደመናውን ስትነካ ቁጥቋጦው ይነቃነቃል፦ የድሮ ጌም ሥዕልና ሙዚቃ መቀየር ለፈለግከው

ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመውና ልቀጥል። የድሮ የኒንቴንዶ (ኤንኢኤስ የሚባለው ኮንሶል) ጌም ፋይል አለህ። ገጸ ባህሪውን በራስህ ሥዕል፣ ሙዚቃውን ደግሞ በኤምፒ3 መተካት ትፈልጋለህ። ፋይሉን ስትከፍተው ግን የማይነበብ ዝብርቅርቅ ብቻ ሆነብህ። «ሥዕሉ የታለ? ዘፈኑስ?» ነው ያልከው። እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው ጋ ነበር ግራ የገባኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የኤምፒ3ውን ነገር ቶሎ እንገላገለው። አይሆንም። በዚያ ካሴት ውስጥ የተቀዳ ዘፈን የሚባል ነገር የለም። ያለው ለድምፅ ቺፑ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ኖታ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህኛው ቻናል ተጫወት የሚል። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ውሰድ። ፋይሉ በሙሉ 40,976 ባይት ነው። 16ቱ ኢሙሌተሩ (የድሮውን ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው ፕሮግራም) መጀመሪያ የሚያነበው መግለጫ ነው፤ 32,768ቱ ፕሮግራም፣ 8,192ቱ ደግሞ ሥዕል። ሙዚቃው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ተሸጉጧል። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ሦስት ሰከንዱ ብቻ 48,000 ባይት ይፈጃል። ከሙሉው ጌም ይበልጣል ማለት ነው! የሲዲ ኮንሶል ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። እዚያ አንዳንድ ጌሞች ሙዚቃውን እንደ ተራ የኦዲዮ ትራክ ስለሚያስቀምጡት መተካት ይቻላል።

ስለዚህ ከሥዕሉ ጀምር።

በዚህ ኮንሶል ሁሉም ሥዕል ከትናንሽ ካሬዎች ነው የሚገጣጠመው። ታይል ይባላሉ። አንዱ ታይል ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ፒክስል ነው፤ 16 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች አንድ ንጣፍ፣ የቀሩት 8ቱ ሌላ ንጣፍ ናቸው። ሁለቱን ስትደራርባቸው እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 3 ያለ ቁጥር ያገኛል። የአንዱ ረድፍ ባይት በመጀመሪያው ንጣፍ 60፣ በሁለተኛው 24 ነው እንበል። 60 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 00111100 ነው፤ 24 ደግሞ 00011000። ደርባቸው። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ፒክስል ባዶ፣ ወደ ውስጥ አንድ አንድ ፒክስል በቀለም 1፣ መሃል ላይ ሁለት ፒክስል በቀለም 3 ይወጣል። ዝብርቅርቅ ሆኖ የታየህ ይሄ ነው። ሥዕሉ ፊትህ ነበር፤ የምታይበት መነጽር ነው የጠፋው።

መነጽሩ ዋይዋይ-ሲኤችአር የሚባል ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ክፈት፣ ፎርማቱን የዚህ ኮንሶል ባለ 2 ቢት አድርገው፣ ወደ ታች መጨረሻው ድረስ ውረድ። የማሪዮ ኮፍያ፣ ፊደሎቹ፣ የጡቡ ቁራጭ ተበታትነው ታገኛቸዋለህ። ከዚያ በማውስ መሳል ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ደመናውን ነበር የነካሁት። ጠርዙን ሾል ሾል አድርጌ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ ጌሙን ከፈትኩ። መሬት ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎችም ሾለው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ፋይሉን ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። ለካስ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው! አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ ተቀብቶ ነው። ቦታ ስለሌለ እንደዚህ ነበር የሚሠሩት። ጉምባ (ያ እንጉዳይ መሳዩ ጠላት) ሲራመድ የምታየውም አንድ ሥዕል ግራና ቀኝ ሲገለባበጥ ነው። ደረቱ ላይ ፊደል ብትጽፍለት በየእርምጃው ይገለበጥብሃል። (ሞክሬዋለሁ፤ ያስቃል።)

ቀለሙም እንደዚያው የጋራ ነው። ታይሉ ቁጥር እንጂ ቀለም አይዝም። ቀለሙ ያለው ሌላ ቦታ፣ ፓሌት በሚባል የቀለሞች ዝርዝር ውስጥ ነው። ለጀርባው አራት፣ ለሚንቀሳቀሱት አራት ፓሌት ብቻ አለ። ለጀርባው ደግሞ ፓሌት የሚመረጠው በ16 በ16 ፒክስል ስፋት ነው፤ ከዚያ ባነሰ ቦታ መለየት አይቻልም። ቱቦዎቹን ሰማያዊ ላድርግ ብለህ አረንጓዴውን ብትለውጥ ኮረብታውም ቁጥቋጦውም አብረው ሰማያዊ ይሆናሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ጌም ሥዕሉን እንዲህ ገላልጦ አያስቀምጥም። አንዳንዱ ፕሮግራሙ ውስጥ ጨምቆ ይይዘውና ሲጫወቱት ነው የሚፈታው። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ብታየው አሸዋ የተበተነ ነው የሚመስለው። ሱፐር ኒንቴንዶና ሜጋ ድራይቭ (የሴጋ ኮንሶል) ላይ ይሄ ብዙ ነው። በእነሱ አትጀምር፣ ተስፋ ትቆርጣለህ።

ወደ ሙዚቃው። ቺፑ አምስት ቻናል አለው፦ ሁለት ፐልስ፣ አንድ ትሪያንግል (ስማቸው ከሞገዳቸው ቅርጽ ነው)፣ አንድ ኖይዝ (ሹሽታ)፣ አንድ ደግሞ አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን የሚያጫውት። ፐልሱ ኖታ የሚያወጣው በሚሰጠው ቁጥር ነው። 440 ኸርዝ ለማውጣት ቁጥሩ 253 ነው፤ አንዳንዱ ጌም በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይቀጥናል። ብዙ ጌሞች እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ይደረድሯቸዋል። ዘፈኑ ውስጥ ያለው «ከሰንጠረዡ ስንተኛውን ውሰድ» የሚል ባይት ብቻ ነው።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ሰንጠረዡን አገኘሁና ዘፈኑን ያገኘሁ መሰለኝ። አንድ ቁጥር ቀየርኩ። የመጀመሪያው ደረጃ ዜማ ተንሻፈፈ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ የዋሻው፣ የውሃው፣ ስትሞት የሚሰማው፣ ሁሉም እዚያች ኖታ ላይ ሲደርሱ ይንሻፈፋሉ። የሁሉንም ክራር በአንድ ጊዜ ነበር ያላላሁት።

ትክክለኛው መንገድ ከኋላ መከተል ነው። ሜሰን ወይም ኤፍሲኢዩኤክስ የሚባለውን ኢሙሌተር ዲበገር (ጌሙን እያስቆምክ ውስጡን የምታይበት መስኮት) ክፈትና 4002 ወደሚባለው አድራሻ ሲጻፍ እንዲቆም አድርግ። የመጀመሪያው ፐልስ ኖታ የሚቀበለው እዚያ ነው። ሲቆም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ተከተል። መጀመሪያ ሰንጠረዡ ጋ ትደርሳለህ። እዚያ አትቁም፤ ሰንጠረዡን የጠራው ባይት የት እንዳለ ፈልግ። ዘፈኑ እሱ ነው። አንድ ባይት ቀይር፣ አዳምጥ፣ ጻፍ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

መጀመሪያ አካባቢ የባይቱን ብዛት እንዳትለውጥ። 40 ኖታ ካለ 40 ኖታ አድርግበት። አንድ ብትጨምር ከኋላው ያለው ሁሉ ይገፋል፣ ጌሙ ይበላሻል። የራስህን ዜማ ፋሚትራከር (በዚህ ቺፕ ድምፅ ሙዚቃ የሚሠራበት ፕሮግራም) ላይ ሞክረው፣ ለጆሮ ይጠቅማል፤ ግን ወደ ጌሙ የምታስገባው በእጅህ ተርጉመህ ነው። ፍጥነቱንም አስብበት። በአሜሪካና በጃፓኑ ኮንሶል ሙዚቃው በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚራመደው። በደቂቃ 150 ምት ከሆነ አንዱ ምት ልክ 24 ፍሬም (እርምጃ) ነው። 140 ቢሆን 25.7 ይመጣል፣ የፍሬም ስባሪ ደግሞ የለም። የዝላይና የሳንቲም ድምፅም የሙዚቃውን ቻናል እየነጠቁ ነው የሚሰሙት። ዜማህ መሃል ላይ ቀዳዳ ካገኘህ ያንተ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ስለ ሌሎቹ ኮንሶሎች ባጭሩ። ሱፐር ኒንቴንዶ 8 ቻናልና ለድምፅ ብቻ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው፤ የተቀዱ አጫጭር ድምፆችን ነው የሚጠቀመው። ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ላይ ከሆነ ሉናር ማጂክ (ደረጃዎቹንና ሥዕሉን የሚቀይር ፕሮግራም) እና አድሚዩዚክኬ (ሙዚቃ የሚያስገባ ፕሮግራም) ግማሹን ሥራ ይሠሩልሃል። ሜጋ ድራይቭ ላይ ደግሞ ቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተነካ ማረጋገጫ የሆነ የባይቶቹ ድምር) አለ። የመጀመሪያው ሶኒክ አንድ ባይት ነክተህ ቼክሰሙን ካላስተካከልክ ቀይ ስክሪን አሳይቶህ ይቆማል።

ስታጋራ ጌሙን ሳይሆን ፓቹን ብቻ አጋራ። ሌላ ሰው የሠራው ጌም ነው፤ ፓቹ የሚይዘው ያንተን ለውጥ ብቻ ነው። ከፓች ፋይል ዓይነቶች ከአይፒኤስ ይልቅ ቢፒኤስ ይሻላል፤ የሚለጠፍበት ፋይል ትክክለኛው መሆኑን ያረጋግጣል። ለዚህ ደግሞ ያልተነካ ኮፒ ያስፈልግሃል። እኔ የሁለት ሳምንት ሥራ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ ሳደርግ ከርሜ፣ ፓች የማወጣበት ንጹህ ኮፒ አጥቻለሁ።

እና ዛሬ ማታ ይህን ብቻ አድርግ። የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ፋይል ኮፒ አድርግ። መጠኑ 40,976 መሆኑን እይ። ደመናው ላይ አንድ ፒክስል ቀይር። ከዚያ ጌሙን ክፈትና ቁጥቋጦውን ተመልከት።