ለድመቷ የተሰጠችው ግማሽ ፓራሲታሞል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሰውን ማስታገሻ ለቤት እንስሳ ስለመስጠት ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ በእንስሳት ሐኪምነቴ እንዲህ ያለች ድመት ዘግይታ ስትመጣብኝ የሚሰማኝን አውቀዋለሁና።

ጥያቄ፦ ድመታችን ከአጥር ወድቃ ስታነክስ አሳዘነችኝና ግማሽ ፓራሲታሞል በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ማታ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ በማግሥቱ ሞተች። ለሕፃን እንኳ የሚሰጥ መድኃኒት እንዴት ድመት ይገድላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። የሰጧት ራርተውላት ነው፤ ይህን ደግሞ የነገረዎት ሰው አልነበረም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን አርክሶ በሽንት የሚያስወጣበት ኢንዛይም አለው። ድመት ላይ ይህ ኢንዛይም እጅግ ደካማ ነው። መድኃኒቱ ስለማይወገድ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያጠቃል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ቡና የመሰለ ቀለም ይይዛል። ትንፋሽ ያጠራት ለዚህ ነው። የፊትና የመዳፍ እብጠትም የዚሁ መርዝ ምልክት ነው።

መጠኑን ያስሉት። በኪሎ 10 ሚሊግራም ብቻ ድመትን መርዞ ያውቃል፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 40 ሚሊግራም ማለት ነው። የ500 ሚሊግራም ፍሬ ግማሽ ደግሞ 250 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ «ሩብ ብሰጣትስ?» ለምትሉኝ መልሴ አይሆንም ነው፤ ለድመት የሚሆን የፓራሲታሞል ልክ የለም።

ስህተቱ ከተፈጸመ ግን ተስፋ አትቁረጡ። አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ፓራሲታሞል ለመረዘው ሰውም የሚሰጠው ይኸው ነው። የሚሠራው በጊዜ ከተደረሰ ነውና ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ድዷ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ካያችሁት መርዙ ሥራውን ጀምሯል።

ጥያቄ፦ ውሻችን 12 ዓመቱ ነው፣ 10 ኪሎ ይመዝናል። ጠዋት መነሳት ሲያቅተው አድቪል አንድ አንድ ፍሬ እሰጠዋለሁ፤ ደህና ይሄድለታል። አሁን ምግብ እምቢ አለ። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው። ሕመሙን የሚያበርደው የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁትንና ለኩላሊት ደም እንዲደርስ የሚያግዙትን ኬሚካሎች አብሮ አፍኖ ነው፤ ከውሻ ሰውነት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ምግብ መጥላቱ ጨጓራው መቁሰሉን ሊያሳይ ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ ደም አለበት ማለት ነውና ሰዓት አያባክኑ።

ለመገጣጠሚያው ሕመም ለውሻ የተሠሩ እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ያዝለታል። አድቪል መውሰዱን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ይብሳልና። ቤትዎ የሰው ሜሎክሲካም ቢኖርም አይስጡት። የውሻዎ የዕለት ልክ 1 ሚሊግራም አካባቢ ሲሆን የተለመደው የሰው ፍሬ ትንሹ 7.5 ሚሊግራም ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ኪኒን ከበላ ወተት ላጠጣው? እናቴ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናትዎ በእጃቸው ባለው ነገር ሊያድኑት ነበር የሚጥሩት። ወተት ግን ኪኒኑን አያረክሰውም። በግድ ሲጋቱት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ዘይትም እንደዚያው ነው። ለማስታወክ ብሎ ጨው በውኃ መጋት ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። የኪኒኑን ፓኮ ይያዙ፣ ስንት ፍሬ እንደጎደለና በስንት ሰዓት እንደበላ ያስታውሱ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ። ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ወገቤን የሕመም ቅባት እቀባለሁ፤ ድመቷ አጠገቤ ትተኛለች። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቅባቱ ጠጉሯ ላይ ይነካል፣ እሷም ትልሰዋለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሉርቢፕሮፌን የተባለ ቅባት በሚጠቀሙ ሰዎች ቤት ድመቶች ታመው መሞታቸውን ገልጾ አስጠንቅቋል። የተቀቡትን በልብስ ይሸፍኑ፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ ቅባቱ እስካለ ድረስም አልጋ ላይ አያውጧት።

ጥያቄ፦ ለታመመች ላም ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ቢወጋላት ምን ጉዳት አለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እሷ ልትድን ትችላለች። ብትሞትና ሬሳዋ ሜዳ ላይ ቢጣል ግን ጥንብ አንሳ አሞሮች ይበሉታል፤ ዲክሎፌናክ ደግሞ ኩላሊታቸውን አጥፍቶ በጥቂት ቀናት ይገድላቸዋል። በሕንድ አንዱ የአሞራ ዝርያ በዚህ ሰበብ ከመቶ 99 በላይ አልቋል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉት። በእኛም ሰማይ የእነዚያ የቅርብ ዘመዶች ይበራሉ። ለአሞሮች ጉዳት የሌለው ሜሎክሲካም አለና ሐኪሙን እሱን ይጠይቁት። ዲክሎፌናክ ተወግታ ከሞተች ግን ሬሳውን ጅብም ውሻም ቆፍሮ እንዳያወጣው አጥልቀው ይቅበሩት።