የአንጎልን ኬሚስትሪ ለምታጠኑ ወጣቶች፦ ስለ ሙያ ማኅበር

ውድ ወጣቶች፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወስደው በኩል ሳልፍ አንዳንዶቻችሁ አስቁማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ የአንጎልን ኬሚስትሪ ለማጥናት የት አገር ልሂድ፣ በምን መሣሪያ ልሥራ ትሉኛላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን ከመሣሪያው አስቀድሜ ስለ ሙያ ማኅበር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ በሥራ ዘመኔ ከባከነብኝ ጊዜ አብዛኛው የባከነው መሣሪያ በማጣቴ ሳይሆን ብቻዬን በመሥራቴ ነውና።

የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ዮሐን ሉድቪግ ቱዲኩም በጀርመን ተወልዶ ለንደን ውስጥ የሠራ ሐኪምና ኬሚስት ነበር። በዘመኑ የነበሩ ኬሚስቶች የአንጎል ዋና ክፍል «ፕሮታጎን» የተባለ አንድ ግዙፍ ውህድ ነው ሲሉ፣ እሱ ፕሮታጎን የተለያዩ ስብ ነክ ውህዶች ድብልቅ እንጂ አንድ ነገር አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ውህዶቹንም እየለየ ስም አወጣላቸው። ከመካከላቸው አንዱን፣ ያቀረበለትን እንቆቅልሽ ለማስታወስ፣ በግሪኮች ተረት እንቆቅልሽ ጠያቂ በሆነችው በስፊንክስ ስም ስፊንጎሲን አለው። ግኝቱን በ1884 በመጽሐፍ አሳተመ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ተቺዎቹ ግን አልተቀበሉትም፣ እሱም በ1901 እስኪሞት ድረስ ተገቢውን ክብር አላገኘም። እውነቱ የእሱ እንደነበር የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ የተቺዎቹ ክፋት አይደለም። ውጤቱን በራሱ እጅ ደግሞ ሠርቶ «እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነው» የሚል አንድ የሙያ ባልደረባ እንኳ በአጠገቡ አለመኖሩ ነው።

እንዲህ ያለው ባልደረባ የሚገኝበት ጠረጴዛ የተዘረጋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1954 ኦክስፎርድ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኒውሮኬሚስትሪ፣ ማለትም የአንጎልና የነርቭ ኬሚስትሪ፣ ሲምፖዚየም ተካሄደ፤ ርዕሱም በማደግ ላይ ያለ የነርቭ ሥርዓት ባዮኬሚስትሪ ነበር። ካዘጋጁት መካከል ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባው ሃይንሪክ ቬልሽ፣ እንግሊዛዊው ዴሪክ ሪክተር፣ ባርሴሎና ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ዦርዲ ፎልክ-ፒ ይገኙበታል። ፎልክ-ፒን ምናልባት ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስብን ከአንጎል ለማውጣት ሁለት እጅ ክሎሮፎርም ከአንድ እጅ ሜታኖል ጋር ስትቀላቅሉ የምትሠሩት በእሱ ዘዴ ነው። በ1956 የኒውሮኬሚስትሪ ጆርናል መታተም ጀመረ፤ በ1965 ዓለም አቀፉ የኒውሮኬሚስትሪ ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ጉባኤውን በ1967 ስትራስቡርግ አደረገ። በ1971 ደግሞ ጉባኤው በምሥራቁ ጎራ በነበረችው ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት ላይ ተካሄደ። ዓለም ለሁለት በተከፈለበት በዚያ ዘመን የምሥራቁና የምዕራቡ ተመራማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የነርቭ ክሮችን ስለሚሸፍነው ስብ ነክ ልባስ፣ ስለ ማየሊን፣ እንዲወያዩ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም።

የአንጎል ኬሚስትሪ ከሌላው ዘርፍ ይበልጥ ማኅበር የሚፈልግበት ምክንያት ከራሱ ከአንጎል ጠባይ የመጣ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ሃያ በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ደም ሲቋረጥበት ደግሞ ያለው የኃይል ክምችት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አልቆ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል። ስለዚህ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ካልታወቀ፣ አንዱ ቤተ ሙከራ ያገኘው ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። በዘዴው ላይ መስማማት ያስፈልጋል፤ ስምምነት ደግሞ ጽሑፍ በመለዋወጥ ብቻ አይገኝም።

አንድ የግሌን ጉዳይ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ተመልሶ መጣ፤ ፍሪዘሩም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ናሙናዎቹ ቀልጠው እንደገና መቀዝቀዛቸውን ያወቅሁት የወራት ልኬት እርስ በርሱ አልገጥም ብሎኝ ብዙ ከደከምኩ በኋላ ነው። በአፍረት ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ግን በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት፣ ለአንዲት ከሌላ አገር ለመጡ አንጋፋ ተመራማሪ ነገርኳቸው። «በብርጭቆ ውኃ አቀዝቅዝና በበረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጥ፤ ጠዋት ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘኸው ፍሪዘርህ ቀልጦ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃምሳ ሳንቲም ያለበት ብርጭቆ ከፍሪዘሬ ተለይቶ አያውቅም። ይህን የመሰለ ዕውቀት ጆርናል ላይ አይታተምም፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው።

ዓለም አቀፉ ማኅበር ከጉባኤና ከጆርናል ሌላ የሚሠራው ሥራ በተለይ ለእናንተ ይጠቅማል። ለአባላት ጉዞ ድጎማ ይሰጣል፤ ወጣቶች የሚሰለጥኑባቸውን ትምህርት ቤቶች ይደግፋል፤ አቅም አነስተኛ በሆነባቸው አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችን የሚረዳ ኮሚቴም አለው፤ ይህ ኮሚቴ በሌላ ቤተ ሙከራ ለጥቂት ጊዜ ለመሥራትም ሆነ ለአገር ቤቱ ሥራ ኬሚካል ለመግዛት ዕርዳታ ይሰጣል። እኔ እንደ አማካሪ የምመክረው ኬሚካል መግዣውን እንዳትንቁት ነው፤ በጉዞ ያገኛችሁትን ልምድ ተመልሳችሁ የምትሠሩበት ዕቃ ከሌለ በዓመቱ ይጠፋልና። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው የአፍሪካ ኒውሮሳይንቲስቶች ማኅበርም በ1993 ናይሮቢ ላይ ተቋቁሟል።

አባልነትን ግን እንደ ዕርዳታ ማመልከቻ ብቻ አትዩት። እናቶቻችን የእድር መዋጮ የሚከፍሉት በየወሩ ቀብር ስላለባቸው አይደለም። ክፍያችሁን በጊዜው ክፈሉ፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ እንድትገመግሙ ስትጠየቁ በጥንቃቄ ገምግሙ፤ በጉባኤ ላይ ሥራችሁን በፖስተር ሰቅላችሁ ስታቀርቡ ያልተሳካውን ሙከራ ጭምር ተናገሩ። እኔ ያን ሌሊት የደረሰብኝን ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ቢያንስ አንድ ዓመት ባተረፍኩ ነበር።

ደግሞም ጥያቄያችሁን ከዚሁ ከአገራችን ይዛችሁ ሂዱ። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በክፉ ቀን ብቸኛ ምግብ ይሆናል፤ ለወራት በብዛት ሲበላ ግን እግርን ያሽመደምዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ የደረሰው ወረርሽኝ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። መርዙ ቤታ-ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜት ስለሚመስል የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል። በዚህ በሽታ ላይ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ የአገራችን ሐኪሞች ሠርተዋል። ጫትም እንዲሁ የአገራችን ጥያቄ ነው፤ በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ያስለቅቃል፤ ቅጠሉ ሲደርቅም ይዳከማል።

ከጓያው ግን ገና ያልተፈታ ጥያቄ ይቀራል። ጓያ ከሚመገቡት ሁሉም አይታመሙም፤ ወንዶች ከሴቶች፣ ወጣቶች ከሽማግሌዎች ይልቅ ይጠቃሉ። ይህን ጥያቄ ይዞ ፖስተሩን የሚሰቅል ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ካለ፣ ረቂቁን ከማስገባቱ በፊት ወደ እኔ ይምጣ፤ ዓይኔ እስከቻለ ድረስ አብሬው ላነብለት ዝግጁ ነኝ።