ዲፕ ስፔስ ናይን በብሉሬይ ይወጣ ይሆን?
«ዲፕ ስፔስ ናይን ለምን እስካሁን በብሉሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ በሚበልጥ ጥራት ባለው ዲስክ፣ አልወጣም?» ላልከው፣ እኔም እንዳንተ ስጠብቅ አረጀሁ። ይህ የስታር ትሬክ የጠፈር ታሪክ የቴሌቪዥን ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 ሲሠራ የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ፊልሙ ጥራት አያንሰውም። ጣጣው ቅንብሩ ላይ ነው፤ የተቀናበረው ጥራቱ ዝቅ ባለው በዘመኑ የቪዲዮ ቴፕ ነበር። ስለዚህ ጥሬ ፊልሙን እንደገና ስካን ማድረግ፣ እያንዳንዱን ክፍል መልሶ ማቀናበር፣ በኮምፒውተር የተሠሩትን የጠፈር ውጊያዎችም እንደ አዲስ መሥራት ሊያስፈልግ ነው። ሰባት ሲዝን ሙሉ! ታላቅ ወንድሙ፣ ከእሱ በፊት የጀመረው የስታር ትሬክ ተከታታይ ኔክስት ጀነሬሽን፣ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ሽያጩ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ኩባንያውን ያስፈራው ይኸው ይመስለኛል።

እስከዚያው ስለ ዲፕ ስፔስ ናይን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ዘጋቢ ፊልም ፈልገህ እይ። የታደሱ ትዕይንቶች አሉት። የአዛዡን የሲስኮን የጠፈር ጣቢያ እንዲያ ጥርት ብሎ ካየህ በኋላ ዲቪዲው ጭቃ ይመስልሃል። እኔ ግን የኔን አልጣልኩም።