አያት ሳለ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ታሪክ ሳስተምር አረጀሁ። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ አያቶቻችሁን ስለ ረሃብ ጠይቁ፣ የነገሯችሁንም በራሳቸው ቃል ጻፉ። ይህን የተማርኩት ከአየርላንድ ልጆች ነው።

በ1845 እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ። ደሃው ገበሬ ከድንች ሌላ ጉርስ አልነበረውም፤ እህሉ ለመሬት ጌታው ኪራይ ይሄዳል፣ በመርከብ ተጭኖም ወደ እንግሊዝ ይሻገራል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። ይህን ከመዝገብ ታገኙታላችሁ። ለምለም ሆኖ ያመሸው ማሳ ሲነጋ ጠቁሮ መገኘቱን፣ የግማቱንም ነገር የሚያወሩት ግን የገበሬ ልጆች ናቸው። ዘመኑን በቋንቋቸው «ክፉ ዘመን» ይሉታል፤ እኛ የ1880ዎቹን «ክፉ ቀን» እንዳልነው።

ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ትውፊት የሚሰበስበው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን በ5,000 ያህል ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆችን ደብተር አስይዞ ወደ ሽማግሌዎች ላከ። በ1945 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ረሃቡ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ በየገጠሩ አዞረ። ሽማግሌዎቹ ሳማና የባሕር አረም እየተለቀመ መበላቱን ተናገሩ። ወለሉ በማጠፊያ ስለሚከፈት ሣጥን አወሩ፤ ሬሳውን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። «የረሃብ ሣር» የሚሉትም አለ። የረገጠው መንገደኛ ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል ይባላል፤ ስለዚህ ቁራሽ ዳቦ ሳይዝ አይወጣም ነበር።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ብዙዎቹ ተራኪዎች ሙታኑን ከሌላ ሰበካ የመጡ እንግዶች ያደርጓቸዋል፤ በእኛ ሰፈር ያን ያህል አልከፋም ይላሉ። ሚሲዮኖች ለሚያድሉት ሾርባ ብሎ ሃይማኖቱን የለወጠ፣ የተፈናቀለ ጎረቤቱን መሬት የያዘ ሰው ሲነሳ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ውሸት ነው ብላችሁ አትለፉት። ረሃብ ያዋረደው ሰው ስለ ገዛ ቤቱ የሚያወራው እንዲህ ነው። እናንተም ስትጠይቁ ማን ሞተ ብላችሁ አትጀምሩ። ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁ፤ ዝም ካሉም አብራችሁ ዝም በሉ፣ በማግስቱ ተመለሱ።

አያቴ ከሞሰቡ ላይ ፍርፋሪውን በጣቷ ጫፍ እየለቀመች ትበላ ነበር። እናቷ ክፉ ቀንን ያለፈች ሰው ነበረች። አንድ ማታ «እማማ፣ ለምን ትለቅሚዋለሽ?» አልኳት። «ተወው ልጄ» አለችኝ። ተውኩት።